በዘንቢል ቃሊቲ የወረደው ሣጥን

ከሳሪስ እስከ ገላን ባለው መንገድ ላይ እኔን የሚያስፈራ ነገር ገና አልተፈጠረም። ጅብ ቢመጣ ሰላምታ ሰጥቶኝ ነው የሚያልፈው። ይህንን ለሚስተር ሮዴልም ነግሬዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ ስነግረው ጅቡን አንበሳ አደረግሁት።

ሚስተር ሮዴል ከፊሊፒንስ የመጣ መሐንዲስ ነው። የውሃ ፓምፕ በራሱ ጊዜ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ ሠርቷል። አቃቂ ያለ አንድ ፋብሪካ መሣሪያውን እንዲያሳይ ለአራት ሰዓት ቀጥሮታል። ፋብሪካው ካልወሰደው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ያቋቋማት ትንሽ ኩባንያ እንደምትዘጋ አልደበቀኝም። ይዞት የመጣው መሣሪያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እኔ ሳሪስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምጠግን ሰው ነኝ፤ ለዚያ ቀን አስተርጓሚው ነበርኩ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሳሪስ

ፋብሪካው የላከልን መኪና ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቀረ። ሮዴል፣ "በታክሲ እንሂድ፣ እኔ በበሬ ጋሪ ትምህርት ቤት የሄድኩ ሰው ነኝ" አለ።

መሣሪያው የጫማ ካርቶን የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው። ከጎኑ ገመዶች ተንጠልጥለዋል፣ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ በየደቂቃው ደግሞ "ጢጥ" ይላል። ባትሪው ከተነቀለ የተሞላለትን ትእዛዝ ሁሉ ስለሚረሳ አይጠፋም። የያዘበት ቦርሳ ያብረቀርቃል። "በዚህ ቦርሳ ሚኒባስ ከገባህ ሌባው እስከ ናዝሬት ይከተልሃል" አልኩት። ከስልጤው ባለሱቅ ሰማያዊ መስመር ያለው ዘንቢል በአሥራ አምስት ብር ገዛሁለትና ሣጥኑን በፎጣ ሸፍኜ ከተትኩት። በብልሃቴ ራሴን አደነቅሁ።

ሁለት ሰዓት፣ ሚኒባስ ውስጥ

ቅዳሜ ስለነበር ግማሹ ተሳፋሪ ማረሚያ ቤት ስንቅ የሚያደርስ ነው። ሚኒባሱ በምሥር ወጥ ሽታ ታፍኗል። ወያላው ዕቃችንን ሁሉ ተቀብሎ ከኋላ ወንበር ሥር ደረደረው። አጠገባችን የተቀመጡት እማማ ዘነቡ የታሰረ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ናቸው።

"ቻይና ነው?" አሉኝ።

"ፊሊፒንስ ነው፣ እማማ።"

"መቼም የሀብታም ልጅ ነው።"

ይህንን ስተረጉምለት ሮዴል ሳቀና አወራ። አባቱ በሰው መሬት ላይ ሩዝ የሚያመርት ጭሰኛ ነበር። ስምንት ልጆች ነበሩ፤ ሮዴል በኩሩ ነው። ከወንዝ ወደ ማሳ በባልዲ ውሃ ሲያመላልስ አደገ። የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቶ መጠገን ጀመረ፣ መንደሩም ሬዲዮውን ይዞ መጣለት፤ በዚያ ሰበብ አስተማሪው ነፃ የትምህርት ዕድል ፈለገለት። መሐንዲስ ሆኖ አሥር ዓመት ዓረብ አገር ሠርቶ ታናናሾቹን አስተማረ። ከዚያ፣ ያንን ባልዲ የሚያስቀር መሣሪያ ልሥራ ብሎ ያጠራቀመውን ሁሉ ሣጥኑ ላይ አፈሰሰው።

እኔ ስተረጉመው ስምንቱ ልጆች አሥራ ስምንት ሆኑ፤ ወንዙም ውስጥ አዞ ገባበት።

እማማ ዘነቡ ከንፈራቸውን መጠጡ። "ሁሉንም አስተማረ?"

"አንድ ሳይቀር።"

"እናቱ አለችለት?"

የለችም አለ። ይህንን አላጋነንኩትም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከቃሊቲ አለፍ ብሎ

ስንቅ ያዦቹ ቃሊቲ ወረዱ። አቃቂ ልንደርስ ስንል ሮዴል ጆሮውን አቀና። "ጢጥ" የሚለው ድምፅ ቀርቷል። ዘንቢሉን ጎትቶ ፎጣውን ሲገልጥ ሳህን አገኘ፤ በሳህኑ ውስጥ ምሥር ወጥ። ሰማያዊ መስመር ያለው ዘንቢል ግማሽ ቃሊቲ ይዞት እንደሚዞር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ሮዴል ስለ መሣሪያው ተጨነቀ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ያን ሰሞን እዚህ ፈንጂ ተገኘ፣ እዚያ ፈነዳ የሚል ወሬ አይጠፋም ነበር። የኛ ገመድና ቀይ መብራት ደግሞ በእማማ ዘነቡ እጅ ማረሚያ ቤት በር ላይ ነው። ወርደን በሌላ ታክሲ ወደ ቃሊቲ ተመለስን።

ሦስት ሰዓት፣ በሩ ላይ

እዚያ ስንቅ ያመጣ ሰው ጠባቂው ፊት መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። እማማ ዘነቡ ሊቀምሱ ፎጣውን ሲገልጡ ነው ጉዱ የወጣው። ስንደርስ ሰልፉ ተበትኗል፤ ሻይና ብስኩት የሚሸጡት ሱቃቸውን ጥለው ሸሽተዋል። ዘንቢሉ ብቻውን መሬት ላይ ተቀምጦ "ጢጥ" ይላል።

ሮዴል ወደ ሣጥኑ ሮጠ። "ቁም" አለ ጠባቂው፤ ጠመንጃውን ደረቱ ላይ አነጣጠረ። ሮዴል እጆቹን አነሳ። ጠባቂው ዓይኑን ሳይነቅል ወደ እኔ ጮኸ፦

"ጋሼ፣ ሰውየውን ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም" አልኩ። "መንገድ ጠይቆኝ ነው።"

ከሱቁ ጥግ እማማ ዘነቡ ወጡ። "እኔ አውቀዋለሁ። አሥራ ስምንት ወንድምና እህት ያስተማረ ልጅ ነው፤ አዞ እንኳን አልበላውም። ዘንቢል ተቀያይሮብን ነው፣ ያውና የኔ ስንቅ እጁ ላይ።"

ጠባቂው የምሥር ወጡን ዘንቢል አየ፣ እሳቸውን አየ፤ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። "እንግዲያው ደንብ ደንብ ነው። ያመጣው ይቅመሰው" አለና በእጁ ወደ ሣጥኑ አመለከተ።

ሮዴል ተንበረከከ። ብሎን መፍቻው ከእጁ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ላቡ ሣጥኑ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከፈተው፣ ጣቶቹን ከገመዱ መሃል አስገብቶ ባትሪውን ነቀለ። መብራቱ ጠፋ። እኔ ይህንን የማየው ከሱቁ ጀርባ ተደብቄ በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው።

የጠባቂው አለቃ መጥቶ ምንነቱን ሲጠይቅ ወጥቼ መተርጎም ጀመርኩ።

"አላውቀውም አላልክም?" አለኝ ጠባቂው።

"እንግሊዝኛ ግን አውቃለሁ።"

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ አቃቂ

ሥራ አስኪያጁ ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ነበር። ሮዴል ለመነው፤ መሣሪያውን እንደ አዲስ ሞልቶ ከፓምፑ ጋር አገናኘው። ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑ ማንም ሳይነካው ቀጥ አለ። "ሁለት ወር እንሞክረው" አለ ሥራ አስኪያጁ። ሮዴል በርሜል ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሳሪስ

ቤቴ ስገባ ያሰብኩት ይህንን ነው፦ ሮዴልና እኔ እኩል ነው የፈራነው፤ እሱ እየፈራ እጁን ሣጥኑ ውስጥ ከተተ፣ እኔ ግን ሸሸሁ።

ሮዴል አማርኛ አይሰማም። በዚያ በር ላይ ያየው እኔ ከጠባቂው ጋር ስነጋገርና ከዚያ ጠመንጃው ዝቅ ሲል ነው፤ ስለዚህ እማማ ዘነቡ ስንቃቸውን የጠየቁ፣ ያዳንኩት ደግሞ እኔ ይመስለዋል። ፋብሪካው ሣጥኑን ከገዛ በኋላ በኩባንያው ቀጠረኝ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ያን ቀን ጠመንጃ ፊት እንዴት እንደቆምኩለት ያወራል፤ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላረምኩትም።