ባሕሩ ሲሸሽ የት ይሄዳል?

እህቴ ጎሮ ወዳለው አዲሱ ቤቷ ዕቃ ስታስገባ እኔ እንዳላግዝ ተከለከልኩ። «ወገብህን ያምሃል» አለችኝ፤ ሆዴን እያየች ነው ወገብ የምትለው። ቁጭ ብዬ ካርቶን ስፈታ አንድ ካሴት እጄ ገባ። አሸተትኩት። አትሳቁ፣ ካሴት ይሸታል። የሞቀ ፕላስቲክና የቆየ መሳቢያ ይሸታል። ላዩ ላይ በደበዘዘ እስክሪብቶ «ለሊቁ» ይላል። ሊቁ እኔ ነኝ። እህቴ ስትቀልድብኝ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ እኔ ግን ስድስተኛ ክፍል እያለሁ የምሯን ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ብዙም አይርቅም ነበር። አውሮፕላን ሲነሳ የጣራው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ የምናወራውን አቁመን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። እህቴም ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር የሄደችው በዚያው በጣራችን ላይ ነው። እማ ሳምንቱን ሙሉ ባለፈ አውሮፕላን ሁሉ ላይ እጇን ስታውለበልብ ከረመች። ብዙዎቹ የጭነት ነበሩ። አልነገርኳትም።

ስልክ ውድ ነው፣ ደብዳቤ ደግሞ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሰው ሁሉ በካሴት ነበር የሚላላከው። አንዱን ፊት እሷ ቀድታ በሰው እጅ ትልካለች፣ እኛ ጀርባውን ቀድተን በዚያው ሰው እንመልሳለን። የመጀመሪያውን ያመጣችው ለእረፍት የመጣች የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ሰኞ ትመለሳለች። ቅዳሜ ከሰዓት ቴፑን ከበን ተቀመጥን።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ወፍሬያለሁ። አታስቡ» አለች እህቴ። እማ «ያ ረቢ፣ ድምጿ!» ብላ ቴፑን ዳበሰችው። ከዚያ የኔ ተራ ደረሰ። «አንተ ሊቁ፣ የማሳድጋቸውን ልጆች ባሕሩ ጋ እወስዳቸዋለሁ። ጠዋት ውሃው ግንቡ ስር ነበር። ከሰዓት ብንሄድ የለም! አሸዋ ብቻ። ልጆቹ የት ሄደ ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ያየሁት ትልቅ ውሃ የገርጂ ጎርፍ ነው። አስተማሪህን ጠይቅና አስረዳኝ።»

እንዴት እንዳበጥኩ! የሳይንስ አስተማሪያችን ቤቱ ቅርብ ነበር፤ እየሮጥኩ ሄድኩ። እያሳለ፣ በጠመኔ የበረንዳው ሊሾ ላይ እየሳለ አስረዳኝ። እሁድ ቴፑን ይዤ አልጋ ስር ገባሁ፣ የአውሮፕላኑ ድምፅ እንዳይገባብኝ። ካሴቱን ገለበጥኩና እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ጀመርኩ።

«ውድ እህቴ፣ ውሃው የትም አልሄደም። ጨረቃ ናት የምትስበው። ሦስት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆመናል በይ። ፊት አንቺ፣ መሃል እኔ፣ ከኋላ የጎረቤታችን ወፍራም ልጅ። አንቺ ቅርብ ስለሆንሽ ጨረቃ ጠንክራ ትጎትትሻለች። እኔን ትንሽ ቀለል አድርጋ። ወፍራሙን ልጅ ግን ስለራቀ ብዙም አትስበውም፣ ወደ ኋላ ይቀራል። እኔ መሬት ነኝ፣ አንቺና እሱ ውሃ ናችሁ። ስለዚህ ውሃው በሁለቱም በኩል ያብጣል። መሬት ስትዞር ያንቺ ባሕር አንዴ ባበጠው በኩል፣ አንዴ በጎደለው በኩል ያልፋል። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃም ስለምትሄድ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል።»

ይሄ በቂ ነበር። እኔ ግን ቦታ ስለተረፈኝ የአስተማሪውን ሳል አስመሰልኩ፣ የሰፈራችንን የኳስ ውጤት አወራሁ፣ ዘፈንኩም።

ከዚያ የራሴን ቆንጆ ድምፅ ላዳምጥ አጠነጠንኩት። ዘፈኔ አለቀ፣ «ቋ» አለ፣ ቀጥሎ የእህቴ ድምፅ መጣ።

«...ለእማ እንዳትነግራት። አንተ ግን የሆነ ነገር አድርግ፣ እሺ?»

ከዚያ ከሩቅ የውሃ ድምፅ ብቻ።

ካሴት ገልብጬ ሳልሰማ የማልለቅ ልጅ መሆኔን ታውቃለች። በዚያ ተማምና ነው ጀርባው ላይ ለብቻዬ የነገረችኝ። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን አዋቂ መሆን አስክሮኝ ሳልሰማ ቀዳሁበት። ከጨረቃዋ ስር፣ ከወፍራሙ ልጅ ስር የሆነ ነገር ብላኝ ነበር። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼ ጆሮዬን ለጠፍኩበት፤ የሚጮኸው እኔው ነኝ። ቴፕ ጠጋኝ ጋ ወስጄ «ከስር ያለውን አውጣልኝ» አልኩት።

«ከስር የሚባል ነገር የለውም፣ የኔ ልጅ። ቀዳህበት? በቃ፣ ጠፋ።»

ሰኞ ካሴቱን ከመስጠቴ በፊት ጫፉ ላይ «ሳልሰማ ቀዳሁበት፣ ምን ነበር ያልሽኝ?» ብዬ አንሾካሾክኩ። እማ በር ላይ ቆማ ትመርቃለች። ምን እንደምነግራት ባውቅ እንኳ አትንገር ተብያለሁ።

ከብዙ ወር በኋላ ሌላ ካሴት መጣ። «ሊቁ፣ የውሃው ነገር ገብቶኛል። ልጆቹም ገባቸው። ያኛውን ተወው።» ጀርባውን አሥር ጊዜ ሰማሁት። ባዶ ነው። ስድስት ዓመት ቆይታ ነው የተመለሰችው።

አሁን ጎሮ፣ ልጄ ካሴቱን ከእጄ ነጥቃ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስለ ባሕር ያወራሁበት ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ... መሃል ላይ ጠፋኝ።

«ወፍራሙ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል» አለች እህቴ ከካርቶኖቹ ጀርባ። «ባሕሩም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ይዘገያል።» ቀጥላ አሳለች፣ ልክ እንደ አስተማሪው። ልጄ በሳቅ ሞተች። እህቴ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች፤ ዘፈኑን ሳይቀር።

«ያኛውስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ያኛውማ አንተ ቀዳህበት አይደል?» አለችና ሳቀች። ከዚያ አንድ ካርቶን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እንካ፣ ይቺን አንሳ። ቀላል ናት።»

ባዶ ነበረች። ያም ሆኖ ታቅፌያት ቆምኩ፤ የት እንደማስቀምጣት ጠፋኝ።