አዋላጇን ያሳመሩ ዕለት

ሠዓሊዋን ጓደኞቿ «ፋቂዋ» ይሏታል። እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ቁጭ ራሱን አድርጋ ትስለዋለች፤ ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ ጠባሳው ሳይቀር። ከዚያ በቢላዋ መፋቅ ነው። ቀለም ትደርባለች፣ ደግሞ ትፍቃለች። መጨረሻ ላይ የሚተርፈው አንድ ትከሻ ወይም ዘንበል ያለ አንገት ነው፤ የሚያውቀው ሰው ግን ከሩቅ አይቶ «እንዴ! እሱ አይደለም እንዴ?» ይላል። ሃያ ዓመት የፈጀባት ሙያ ነው፣ የልጅ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ።

ሆስፒታሉ አዲስ የማዋለጃ ክፍል ሲሠራ፣ እዚያው አርባ ዓመት ያዋለዱትን እናቷን እንድትስልለት ጠየቃት። አራት ወር ለፋች። ፊታቸውን ስላ ፋቀችው፤ የቀሩት የተዘረጉ ሁለት እጆች፣ ጎንበስ ያለ ጀርባና አንገት ናቸው። እናትየው መጥተው አዩና «ወገቤን ያመመኝን ሁሉ አውቀሻል ለካ» አሏት። ይህን የሰማች ልጅ ሌላ ምን ሽልማት ትፈልጋለች?

የምረቃው ዕለት እናቷን ደግፋ ገባች። ሥዕሉ ጋ ስትደርስ ክው አለች። በዚያ ባጎነበሰ አንገት ላይ ፊት ተለጥፎበታል! ቅንድቡ የተኳለ፣ ከንፈሩ የቀላ፣ ያገጠጠ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ያፍራል ስትሉ ጭራሽ ኮራ። «ሳይጨረስ ነው እኮ የላክሽው! ቀኑ ሲደርስብን ታፔላ ጸሐፊያችን ጨረሰልሽ። በአንድ ከሰዓት! አመሰግናለሁ በይ እንጂ።»

«አልቆ ነበር!» አለች። «እዚህ ቤት አንዱ ሐኪም የሰፋውን ሌላው ሳይጠይቅ ይቀደዋል?»

«ታዲያ ሰው ያለ ፊት ይሆናል እንዴ፣ የኔ እህት?»

ወይ ድፍረት! ስልክ አንስቶ «አልቋል ወይ?» ማለት ምን ይከብዳል? የበር ቁልፍ ለመቀየር ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት፣ የሰው እናት ፊት ለመቀየር አንድም አላስፈለገውም።

የቀቡት በብረት በር ቀለም ነው። በጥፍሯ ጫር ስታደርገው የእሷም ቀለም አብሮ ተነሣ። በቃ፣ የሚድን ነገር የለም። ከቦርሳዋ ቢላዋዋን አወጣችና ከታች ጥግ ላይ የጻፈችውን የራሷን ስም ትፍቀው ጀመር።

«ኧረ እንግዶች አሉ! ኧረ በሕግ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እናትየው ይህ ሁሉ ሲሆን ከሥዕሉ ሥር በብሎን የታሰረውን የናስ ሰሌዳ እያነበቡ ነበር። ሙሉ ስማቸው ተቀርጾበታል። ቀና አሉና፣ ምጥ የያዛትን ሴት «ግፊ!» ይሉበት በነበረው ድምፅ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«ልጄ አልሠራሁትም ካለች፣ እኔም አይደለሁም። በል መፍቻ አምጣና ስሜን ንቀልልኝ!»