ከትራሷ በኩል

ሙሉሰው ስልኩን የሚስቱ ትራስ ላይ በጎኑ ያስተኛና ቀና አድርጎ ፎቶ ያነሳል። እሱ ራሱ አልጋው ላይ አይወጣም። በአባቱ ቤት፣ ተዝካር ሳይወጣ የሟች መኝታ ላይ ጎን ማሳረፍ ነውር ነበር። ስለዚህ ወለሉ ላይ ይንበረከካል፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ ምን እንደሚያነሳ ሳያይ ይጫናል።

የሚወጣው ፎቶ እንግዳ ነው። ከመደርደሪያው ጠርዝ ያለፈ የድስት ቂጥ። የጠረጴዛው ሆድ፣ ልጆች ድሮ ከለጠፉበት ማስቲካ ጋር። የወንበር አራት እግር፣ ቤት የሚያህል።

አመለወርቅ የመጨረሻ ዓመቷን ያሳለፈችው እዚህ ሳሎን፣ በውሰት አልጋ ላይ ነው። መቀመጫው በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እስራኤል ከገቡ ወዲህ፣ ተለያይተው አድረው አያውቁም ነበር። እሱ ሐደራ ከተማ ገበያ የአትክልት ሣጥን ሲያወርድ ይውል ነበር። ማታ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ሲገባ፣ «ወፏ መጣች» ትለዋለች። መስኮቱ ጋ ሄዶ ያያል። የወፍ ዘር የለም።

«የታለች?» ሲላት ትስቃለች። መድኃኒቱ ነው ብሎ ተወው።

ዛሬ ያዋሳቸው ማኅበር አልጋውን ሊወስድ ነው። አልጋው ከሄደ ያቺን ወፍ መፈለጊያ የለም።

ሴት ልጁ ሮኒት ቤቱን ልታሰናዳ መጥታ የስልኩን ፎቶዎች ስትገላልጥ ቆመች።

«አባ፣ ይሄ ምንድን ነው? ስልኩ ወድቆ ራሱን አነሳ እንዴ?»

«ድስት ነው።»

«ድስት መሆኑንማ አየሁ። ቂጡን ለማን ልትልከው ነው?»

ሳቅ አለና ወዲያው ተወው። «እናትሽ የምታየውን ነው የምፈልግ። ማታ ስገባ ‹ወፏ መጣች› ትለኝ ነበር።»

ሮኒት ስልኩን ዝቅ አደረገችው። «ለእኔ ደግሞ ‹ወፏ ሄደች› ነበር የምትለኝ። ጠዋት፣ አንተ ሥራ ከወጣህ በኋላ ስመጣ።»

«ሄደች አለችሽ?»

«ሁልጊዜ። የመስኮቱ ትሪስ ላይ ትሆናለች ብዬ መዝጊያውን ከፍቼ አየሁ።»

«እኔም መስኮቱን አይቻለሁ። የለችም።»

በሩ ተንኳኳ። የማኅበሩ ልጅ፣ ኦሜር፣ ጋሪ እየገፋ ገባ።

«ሻሎም አባባ፣ እግዜር ያጽናዎት። ጓደኛዬ ዛሬ አልመጣም፤ አንዱን ጫፍ ይይዙልኛል?»

«እኔ እይዛለሁ» አለች ሮኒት።

«አንቺ? ቦርሳሽን እንኳ እኔ አይደለሁ ደረጃ ላይ የምቀበልሽ!» አለ ሙሉሰው፤ ጃኬቱንም አወለቀ።

አመለወርቅ ካለፈች ወዲህ ቤት ውስጥም አያወልቀውም ነበር፤ ይበርደዋል። አሁን ግን ድሮ ከሥራ ሲገባ እንደሚያደርገው፣ በቆቡ በኩል በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለው። ትራሱን ሊያነሳ አጎንብሶ፣ «አንዴ ቆዩኝ» አለ። ተንበረከከ። ስልኩን አስተኝቶ ለመጨረሻ ጊዜ ተጫነ።

ከበሩ አጠገብ ወፍ ነበረች። የጃኬቱ ቆብ ወደፊት ዘምበል ብሎ ጫፉ ምንቃር ሆኗል። አንዱ እጅጌ ተንጠልጥሏል፤ ሌላው የበሩን እጀታ ተደግፎ እንደ ክንፍ ተከፍቷል።

ቀና ብሎ በሩን አየ። ጃኬት ነው። ስልኩን አየ። ሮኒት ከትከሻው በላይ አይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ኦሜር አንገቱን አሰገገ። «ምንድን ነው እሱ፣ ንስር?»

«ጃኬቴ ነው» አለ ሙሉሰው።

አልጋውን ይዘው ወረዱ። ታች ከባሕር የሚመጣ ነፋስ በሕንፃዎቹ መካከል ይነፍሳል። ኦሜር የመኪናውን በር ሲዘጋ፣ ሮኒት ከላይ በመስኮት ተጣራች።

«አባ! ጃኬትህን ላምጣልህ? ብርድ እኮ ነው!»

«ተይው» አለ። «ከተሰቀለበት አትንኪው።»

መኪናው ከመንገዱ ጫፍ እስኪታጠፍ ድረስ በሸሚዝ ቆሞ አየ።