ከጭብጨባው መሃል የመጣ ድምፅ

መጋረጃ ሰፊዎች በሚበዙበት መንገድ ላይ ዳኛ የሚሏት ሴት ነበረች። የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ስሙ የወጣላት በዘፋኞች ላይ ከምትሰጠው ፍርድ ነው። መጋረጃ ሊያስለካ የመጣ ሰው መስኮቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ሳይናገር፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ራዲዮ የሚያጫውተውን ዘፈን ሰምቶ «እሱስ እንዴት ነው?» ይላታል። እሷም መቀሱን ሳታስቀምጥ ትፈርዳለች።

ስለ አንድ ገና ስሙ እየወጣ ስላለ ልጅ ሲጠይቋት፣ «ድምፁስ ጥሩ ነው፣ ግን ቤት የለውም፤ የሄደበት ያድራል» አለች። ሰው ሁሉ ስለሚያብድላት አንዲት ጎርናና ዘፋኝ ደግሞ፣ «ትንፋሽ ትሰርቃለች። ግን ሌብነቱ ያምርባታል» አለች። በቴፕ ዘፈን ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ኮንሰርት ስላሳየ አንድ ታዋቂ ሰው የተናገረችውን መንገዱ ሁሉ ለወራት ሲደጋግመው ከረመ፤ «ከንፈሩን ሊያሳየን ከሆነ ፎቶውን ይልክልን ነበር።»

ከሁሉም የማትወደው ግን ከመድረክ የተቀዳ ዘፈን ነበር። «የሰው ሳልና ፉጨት ለምን እሰማለሁ? ሳል እዚህም ሞልቷል» ትላለች።

ከፊት ለፊቷ፣ በሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ፣ ታናሽ እህቷ ሚጡ ትቀመጥ ነበር። ሚጡ የምትባለው ትንሽ ስለነበረች ሳይሆን ለእህቷ ምን ጊዜም ትንሽ ስለሆነች ነው፤ ባሏን ቀብራ፣ ልጅ አሳድጋ፣ ልጇ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ይዛ እንኳ ሚጡ ናት። ሁለቱ እህቶች ጠዋት መኪናቸውን ሲያስነሱ ክርክሩም አብሮ ይነሳል። ዳኛ የምትወደው ባለ ኮቱን ነው። ባለ ኮቱ በሙቀትም በብርድም ረጅም ኮት ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ የሚዘፍን ሰው ነው። «እሱ ዘፈኑ ላይ አይጫንም። አስቀምጦልሽ ዞር ይላል» ትላለች።

ሚጡ መርፌዋን ከጥርሷ መሃል አውጥታ ትመልሳለች። «እታለም፣ ሰውየው እኮ ቆሞ ነው የሚተኛው። እንቅልፍ ካማረኝ ቤቴ አልጋ አለኝ።»

የሚጡ ሰው ነብሮ ነው። ነብሮ መድረኩን ከዳር ዳር ይሮጣል፣ ሸሚዙን ያወልቃል፣ የድምፅ ማጉያው ላይ ይወጣል። ሚጡ ነብሮ ሲመጣ ጎረቤቱን አስከትላ ትሄድና በየዘፈኑ መጨረሻ፣ ጭብጨባው ሲበርድ ጠብቃ፣ «ድገመው! ማን ቸኮለ!» ብላ ትጮኻለች። ከዚያ ራሷ ትስቃለች፤ ሳቋ መጨረሻው ላይ በአፍንጫዋ ነጠቅ የሚያደርግ ነገር ነበረው። ዳኛ አንድ ጊዜ ብቻ አብራት ሄዳ በሃፍረት አንገቷን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረች። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዳቸው ወደየሰዋቸው ለየብቻ መሄድ ሆነ። ዳኛ ባለ ኮቱን ልታይ ስትሄድ ሚጡ አንድም ቀን አልተከተለቻትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚጡ የአንድ ሆቴል መጋረጃ እየቀመቀመች ሳለ «ራሴን አዞረኝ» አለችና ግንባሯን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። ዳኛ የምትቀልድ መስሏት፣ «ተነሺ፣ ባለ ኮቱ እንኳ ቆሞ ነው የሚተኛው» አለቻት። ሚጡ አልተነሳችም። ሆስፒታል ገብታ ሳምንት ሳይሞላ ሞተች። ሐኪሙ ደም ሥር፣ ጭንቅላት እያለ አስረዳቸው፤ ዳኛ ከነገሩ ሁሉ አንዱም ጆሮዋ አልገባም።

ከዚያ በኋላ ራዲዮው ተዘጋ። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የአንድ መኪና ድምፅ ብቻ ሆነ። ደንበኞች መጀመሪያ ላይ «ዳኛ ወንበሯን ለቀቀች» ብለው ቀለዱ፤ ከዚያ መቀለዱን ተዉት። የሚጡ ልጅ እናቷ ከሞተች በኋላ ከሱቁ ጀርባ ካለው የአክስቷ ክፍል ገብታ ኖረች። ሁለቱም ስለ ዘፈን አያነሱም ነበር።

ነገሩ የመጣው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ዳኛ የተሰፋ መጋረጃ ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ሆቴሉ ልታደርስ ትሄዳለች። ሾፌሩ ዘፈን ከፍቷል፤ ባለ ኮቱ ነው፣ ያውም ከመድረክ የተቀዳ። ዝጋው ልትል አሰበችና ሌላው ተሳፋሪ ደስ ብሎት ሲሰማ አይታ ተወችው። ዘፈኑ አለቀ። ጭብጨባው ተነሳ፣ ከፍ አለ፣ እየበረደ ሄደ። ባለ ኮቱ ለሚቀጥለው ዘፈን ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ከሰው መሃል አንዲት ሴት ጮኸች።

«ድገመው! ማን ቸኮለ!»

ሳቅም ተከተለው፤ መጨረሻው ላይ በአፍንጫ ነጠቅ የሚል ሳቅ።

ዳኛ ዞር ብላ ከኋላዋ ያሉትን ሰዎች አየች። አንዱ መስኮቱን ተደግፎ ያዛጋል፣ አንዷ ስልኳን ትነካካለች። መውረጃዋ ሲያልፍ አላስተዋለችም። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ እሷ ቀረች።

«እናቴ፣ እዚህ ነው ማብቂያው» አላት ሾፌሩ።

«ልጄ፣ እስቲ መልሰው።»

«የቱን? የመጨረሻውን ዘፈን?»

«ዘፈኑን አይደለም። ጭብጨባውን።»

ሾፌሩ ትክ ብሎ አያት፤ ሆኖም መለሰላት። ድምፁ እንደገና መጣ፤ ያው ድምፅ፣ ያው ሳቅ። ዳኛ መጋረጃውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች።

«አዲስ የወጣ ነው» አላት ሾፌሩ። «የድሮ ኮንሰርቱን ነው አሁን ያወጡት። ሰዉ ሌላ አይሰማም፤ የትም ብትሄጂ እሱ ነው።»

እውነቱን ነበር። ፀጉር ቤቱ ይከፍተዋል፣ ዳቦ ቤቱ ይከፍተዋል፣ ስልክ የሚጠግነው ልጅ ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ይለቀዋል። ሚጡ በሕይወት ሳለች ያለችው አንድ ቦታ፣ ከእህቷ ፊት ለፊት ነበር፤ ከሞተች በኋላ ግን መንገዱን ሞላችው። ዳኛ ሽንኩርት ስትመርጥ ከጀርባዋ ትጮኻለች። ክር ልትገዛ ስትቆም ከበር ውስጥ ትስቃለች። ዳኛ መንገድ መቀየር ጀመረች፤ የቀየረችው መንገድ ላይም አንዱ መስኮት ይከፈታል። ከሁሉም የከበዳት ግን ድምፁ መምጣቱ አልነበረም። ሚጡ ባለ ኮቱን ልታይ ሄዳ አታውቅም። ያልሄደችበት ኮንሰርት ውስጥ እንዴት ገባች?

በመጨረሻ የእህቷን ልጅ አስቀምጣ አሰማቻት። ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች፣ መለሰችው፣ እንደገና አዳመጠች።

«እማዬ አይደለችም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው? ሳቁን አልሰማሽም?»

«እማዬ ድምፅዋ ከዚህ ይወፍራል።» ዓይኗንም ሳታነሳ፣ «እታለም፣ ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው» አለቻት።

«እኔ? እኔ በሕይወቴ ኮንሰርት ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም።»

«ሰው የራሱን ድምፅ አያውቅም እኮ። ፋርማሲ ስትደውዪልኝ ልክ እንዲህ ነሽ። ሳቅሽም እንዲህ ነበር፣ ስትስቂ።»

ዳኛ ከዚያ በኋላ የባሰ ነገር ውስጥ ገባች። ባለ ኮቱን ለመስማት የሄደችባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ አሰበች። ሳታውቀው ጮኻ ይሆን? ይህን ስታስብ ሌላ ነገር መጣባት፤ የሚጡን ድምፅ ልታስታውስ ሞከረች። «ክሩን አቀብዪኝ» ስትላት። «እታለም፣ ተነሺ፣ ምሳ እንብላ» ስትላት። ቃሉ ይመጣል፣ ድምፁ አይመጣም። የቀራት ድምፅ ያ የተቀዳው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ የማን እንደሆነ አልታወቀም። የሚጡን መኪና ሸፍኖ የነበረውን ጨርቅ ገልጣ መንኮራኩሩን በእጇ አዞረችው፤ ምናልባት በመኪናው ጩኸት ውስጥ ድምፁ ይመለስ ይሆናል ብላ። መኪናው ዘይት ጎድሎት ሲጢጥ አለ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣም።

ኮንሰርቱ የት እንደተቀዳ ፈልጋ ያገኘችው የሚጡ ልጅ ናት። ለሱቃቸው ጨርቅ የሚመጣበት ከተማ ነው። ዳኛ ይህን ስትሰማ ቁጭ አለች። እሷ እዚያ ከተማ እግሯ ደርሶ አያውቅም። ረጅም የመኪና ጉዞ ያጥወለውላታል፤ ስለዚህ ጨርቅ ለማምጣት ሁልጊዜ የምትሄደው ሚጡ ነበረች። ሄዳ ታድራለች፣ በማግስቱ ጥቅሏን ይዛ «ወገቤ ተቆረጠ» እያለች ትገባለች።

ዳኛ በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ ሁለት ጊዜ አስቁማ፣ ተዝለፍልፋ ደረሰች። ሚጡ ጨርቅ የምትገዛባት ነጋዴ ከጣሪያ እስከ ወለል ጣቃ የተደረደረበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የምትቀመጥ አሮጊት ናት። ዳኛን ገና በሩ ላይ ስታያት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«መልክሽ ነገረኝ። እታለም የምትላት አንቺ ነሽ» አለች። መሞቷን ሰምታ ኖሮ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች።

ዳኛ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልቻለችም። «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ መጥቼ ነው። እህቴ እዚህ ስትመጣ ባለ ኮቱን ልትሰማ ሄዳ ታውቃለች?»

አሮጊቷ ፈገግ አለች። «ከሞተች ምን ይደረጋል፤ ልንገርሽ እንጂ። ሰውየው እዚህ ከተማ በመጣ ቁጥር እሷም ጨርቅ ያልቅባታል። ጥቅሏን እዚህ ትጥልና ጫማዋን ቀይራ እየሮጠች ትሄዳለች። 'እታለም እንዳትሰማ፤ ከሰማች አለቀልኝ' ትለኛለች።»

«ለምን? ምን አደርጋት ነበር?»

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ምን አለችኝ መሰለሽ? 'እኔም እወደዋለሁ ካልኳት ቀኑን ሙሉ ምን እናወራለን?'»

ዳኛ ጣቃዎቹን ተደግፋ ቆመች። አሮጊቷ ውሃ ሰጠቻት። ሰው በዚህ ጊዜ ደስ ይለዋል ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ዳኛን ግን ብርድ ብርድ አላት። በመመለሻዋ አውቶቡስ ማጥወልወሉን እንኳ ረሳችው። ያ ሁሉ ዓመት ያ ሁሉ ክርክር፣ ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ ጥርሷ ላይ መርፌ ይዛ «ቆሞ ነው የሚተኛው» ትላት የነበረችው ሴት፣ ዘፈኖቹን ሁሉ በቃሏ ታውቃቸው ነበር። ስንቱን ሌላ ነገር እንዲሁ ሸሽጋ ሄዳ ይሆን? ዳኛ የሞተችባትን እህቷን አንድ ጊዜ ቀብራለች፤ አሁን ደግሞ ጨርሶ ያላወቀቻት ሌላ ሴት መጥታ ጎኗ የተቀመጠች መሰላት። በመስኮቱ መስታወት ላይ የራሷን ፊት ስታይ እንኳ ቶሎ ዞር አለች።

ቤት ገብታ ለልጅቷ የሰማችውን ነገረቻት። ልጅቷ ስልኳን አንስታ፣ ያን ቦታ ፈልጋ፣ ብቻዋን አዳመጠች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ እማዬ ናታ» አለች። «የእናቴን ድምፅ ሰምቼ አይደለችም አልኩ።»

ዳኛ አጠገቧ ተቀመጠች። «ድምፅ ከጭብጨባ ጋር ሲቀላቀል ይለወጣል። ለዚህ እኮ ነው ከመድረክ የተቀዳ የማልወደው» አለቻት። ይህን ስትል ራሷም አላመነችበትም፤ የእሷ ጆሮ ገና ከመጀመሪያው ለይቶታል። ሆኖም ልጅቷ ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጣል እስክታደርግ ድረስ ደጋግማ አለችው።

ነብሮ ሲመጣ ሁለቱም ሄዱ። ቀን ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነብሮ እንደ ልማዱ ሮጠ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ ማጉያው ላይ ወጣ። ዳኛ አንገቷን አልቀበረችም። በየዘፈኑ መጨረሻ ጭብጨባው ሲበርድ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች፤ ልጅቷም እንደዚያው። ሰዎች አፏጩ፣ አንዱ የነብሮን ስም ጠራ፣ አንድ ሕፃን አለቀሰ። የሚጠብቁት አልመጣም። ሁለቱም ምን እንደሚጠብቁ አልተነጋገሩም።

ሲመለሱ ልጅቷ «እንዴት አየሽው?» አለቻት።

ዳኛ ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ መለሰች። «መጥፎ አይደለም። ግን ያን ያህል ሮጦ የትም አልደረሰም።»

ልጅቷ «እማዬ ብትሰማሽ» አለችና ንግግሯን አልጨረሰችውም።

ክረምቱ ሲገባ የባለ ኮቱ ቅጂ ወሬው አለፈ። ሚኒባሶቹ ሌላ ነገር ከፈቱ። ዳኛ መጀመሪያ ላይ እፎይ ያለች መሰላት። ከዚያ ቀይራው የነበረውን መንገድ ትታ በድሮው በኩል መመላለስ ጀመረች፤ ዳቦ ቤቱ ጋ ትዘገያለች፣ ስልክ ጠጋኙ ጋ ስልኳ ሳይበላሽ ትቆማለች። ቅጂው በልጅቷ ስልክ ውስጥ አለ፤ ክፈችልኝ ብትላት ትከፍትላታለች። አንድም ቀን አላለቻትም። ፈልጋ ያመጣችው ድምፅና ሳትጠራው የመጣ ድምፅ አንድ አልሆነላትም።

አንድ ከሰዓት ዝናብ ሲያካፋ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ተጠለለች። ውስጥ አዲስ ዘፈን ይጫወታል፤ አንዲት ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ገና ያልጠና። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ ወደ በሩ መጣ።

«ዳኛ፣ ከፈረድሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ። ይቺስ እንዴት ናት?»

ዳኛ አዳመጠች። ዘፋኟ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ልትሰበር ደርሳ ራሷን ያዘች።

«ፈርታለች» አለች ዳኛ። «ፍርሃቷን አልደበቀችም። እሱ ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ትሆናለች?»

«ገና ነው። እስቲ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርገው።»

ሰውየው ገብቶ ከፍ አደረገው። ዝናቡ አባርቶ ሌሎቹ ተጠላዮች ሲሄዱ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ወደ መንገዱ አድርጋ፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ሲያልቅም፣ ጭብጨባ የሌለው ቅጂ እንደሆነ እያወቀች፣ ጥቂት ቆይታ ነው የሄደችው።