ሦስት ቀን በአያ ሙሄ ማማ ላይ

ነገሩ የሆነው አምና መስከረም፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እኔ ወልዲያ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ድምፄ ትልቅ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «ስልኩን ዝጊውና በመስኮት ተጣሪ፣ መርሳ ከተማ ድረስ ይሰማል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ባለቤቴ ደምሴማ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «ኧረ ቀስ በይ!» እንዳለኝ ነው። ያን መስከረም የማልረሳው በዚሁ ድምፄ የተነሳ ነው።

የምናውቃቸው መምህራን ተሰባስበው ግራና በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ለገጠር ልጆች የአራት ቀን የሜዳ ካምፕ አዘጋጁ። ድንኳን መትከል፣ ካርታ ማንበብ፣ ዛፍና ወፍ መለየት፣ ጨዋታ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። በጎ ፈቃደኛ ሲፈለግ እኔ፣ ደምሴና የአሥራ አራት ዓመቱ ልጃችን ናሆም ተመዘገብን። ናሆም እንኳ ተመዘገበ አይባልም፣ እኔ ነኝ ያስመዘገብኩት።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አርባ ኮፍያ ደርድረን ልጆቹን ጠበቅን። የመጡት ዘጠኝ ናቸው፣ እነሱም ትንንሾች። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ የተጨመረ ልጅ የለም። ደምሴ «እንግዲህ አልፈለጉንም ማለት ነው» አለ። እኔ ደሜ ፈላ። ወላጆቹ እኮ ራሳቸው ፈርመው ነበር!

በዚህ መሀል ከአጠገባችን ካለው የማሽላ እርሻ የጅራፍ ጩኸት ሰማሁና ድምፁን ተከትዬ ገባሁ። ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ቆማለች። ወንጭፏ አንገቷ ላይ ነው። ስታየኝ ከሻርፗ ጫፍ የቋጠረችውን ወረቀት ፈትታ አሳየችኝ። የእኛው የምዝገባ ወረቀት ነው። ስሟ ሐያት ይላል።

«እትዬ፣ ተመዝግቤ ነበር እኮ» አለችኝ። «ግን ማሽላው ወተት ያዘ። ወፍ መጣ።»

ወይ ጉድ! እንዴት እንዳፈርኩ። እኛ የከተማ ሰዎች ቀን ስንቆርጥ ያየነው የትምህርት ቤቱን መክፈቻ ብቻ ነው። ማሽላው ወተት በያዘ፣ ፍሬው ገና ለስላሳ በሆነበት ሰሞን የዚያ አገር ልጅ ወፍ ሲጠብቅ ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ መሆኑን አንዳችንም አላሰብንም። ደምሴ ደግሞ የገበሬ ልጅ ሆኖ ይህን መርሳቱን ዝም ብዬ አላለፍኩትም።

የሐያት አባት አያ ሙሄ ከታች ሲያርሙ አገኘኋቸው። ልጅቷን ይልቀቁልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«ጠልቻት መሰለሽ?» አሉኝ። «ሌሎቹ ልጆቼ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፣ ያለችኝ እሷ ናት። ይኼ ማሽላ የዓመት ቀለባችን ነው። ማን ይጠብቅልኝ?»

«እኔ እጠብቅልዎታለሁ!» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

አያ ሙሄ ከት ብለው ሳቁ። «አንች? በዚህ ጫማ?»

እልህ ያዘኝ። ጫማዬን አውልቄ ማማው ላይ ወጣሁና ባለ በሌለ ኃይሌ «ሃይ!» ብዬ ጮህኩ። የእሳቸው ወፍ ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቱም ወፍ ግልብጥ ብሎ ተነሳ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ አያ ሙሄ። ትንሽ አሰቡና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በይ ነገ ሂጂ። ማሽላዬ ከተበላ ግን በዚያው ቀን ትመለሻለሽ።»

ወሬው እስከ ማታ አገሩን አዳረሰው። በማግስቱ ደምሴ አንድ ማማ፣ ናሆም ሌላ ማማ፣ መምህራኑም ተራ ገብተው የየልጁን ቦታ ያዙ። ካምፑ ሞላ። ኮፍያ አነሰን! ሐያት ኮፍያዋን ከሻርፗ በላይ ደፍታ ድንኳን ስትተክል ከማማዬ ላይ ሆኜ አያታለሁ። አለቃ ሆናለች፣ ሁሉንም ታዛለች።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በቡድን ተከፋፍለው፣ በካርታ እየተመሩ ተራራው ላይ የተደበቀችውን ባንዲራ ፍለጋ ወጡ። የአንዱ ቡድን መሪ ሐያት ናት። እነሱ ከዓይን ከተሰወሩ በኋላ ከወንዙ በኩል አንድ ጥቁር ነገር ተነሳ። ደመና መስሎኝ ነበር። ጎረቤትየው ገበሬ «ግሪሳ! ግሪሳ!» እያለ ሲሮጥ የወፍ መንጋ መሆኑ ገባኝ።

ደምሴና ናሆም እየሮጡ መጡልኝ። «ሐያትን እናስጠራት፣ ወንጭፍ የምታውቀው እሷ ናት» አለ ደምሴ።

«ማንም አይጠራትም!» አልኩት። ቃል ገብቻለሁ እኮ። ያቺን ልጅ ከተራራው ላይ ካወረድኳት ምኑን ካምፕ ሆነ?

ናሆም ባዶ ጀሪካን ይደበድባል። ደምሴ ጅራፍ ያጮሃል፣ ግማሹ የሚያርፈው በገዛ እግሩ ላይ ነው። እኔ እጮሃለሁ። ወፉ ይነሳል፣ ዞሮ ይመጣል፣ እንደገና ይነሳል። እንባዬ እየወረደ ጮህኩ። አያ ሙሄ ከታች እየሮጡ «በያቸው! በያቸው እህቴ!» ይሉኛል። በመጨረሻ ጉሮሮዬ እህ ማለት ሲያቅተው መንጋው ተጠማዘዘና ወደ ወንዙ ተመለሰ።

አያ ሙሄ ማሽላቸውን እየዳሰሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሩ። እኔ ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ።

ያኔ ሐያት ከተራራው እየበረረች ወረደች። በእጇ ባንዲራዋን ይዛለች፣ አንደኛ ወጥታለች! ግን እሱን አላነሳችም። ግሪሳውን ከላይ ሆና አይታዋለች።

«አባ፣ ማሽላው?» አለች እያለከለከች።

«አለ። አልሐምዱሊላህ፣ አለ!» አሉ አያ ሙሄ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። «ማሽላውን ተይው። አንች ያመጣሽውን አሳይኝ እስቲ።»

ባንዲራዋን ተቀብለው አገላብጠው ሲያዩ ደስታዬ ወሰን አጣ። እልል ልል ብሞክር ድምፅ የለኝም። ናሆም ነው በጀሪካኑ ያጨበጨበልኝ።

ዘንድሮ አዘጋጆቹ ካምፑን ከአጨዳ በኋላ ለማድረግ አስበው ነበር። ይህን የሰሙት አያ ሙሄ ለደምሴ ደወሉ። «ቀኑን እንዳትነኩብን! ሐያት ከአሁኑ ቀን እየቆጠረች ነው። አንተ ብትቀርም ሚስትህን ላክልን» አሉት።

እንዲህ የምፈለግ ሰው ሆኛለሁ እንግዲህ! ደምሴ እየሳቀ ስልኩን ሰጠኝ። «እመጣለሁ አያ ሙሄ!» ስል መስኮቱ ነዘረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ በይ አላለኝም።