በአማረች ጓሮ የተቀበረው ፈርዖን

«አክስቴ፣ ቆጮን ፈርዖን ነው ብለሽ እሪ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ፣ አብሮ አደጌ አማረች ቤት፣ ገና እጄን ሳልታጠብ ልጇ የጠየቀችኝ ነው። እናትየው ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ተቀይሮ ከጎንደር ወደዚህ በመጣን ሰሞን መምህራችን ስለ ፒራሚድ አስተማሩን። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ላብ ነው፤ እኔ የሰማሁት ወርቁንና «መቃብሩን የከፈተ ይሞታል» የሚለውን ብቻ።

የዚያኑ ቀን በእነአማረች ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል፣ ድንጋይ የተጫነበት ጉድጓድ አየሁ።

«ይሄ ምንድነው?»

አማረች ዓይኗን በጨው አጥባ «የንጉሥ መቃብር» አለችኝ።

ድንጋዩን አንስቼ ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው። «እርግማኑ ያዘኝ!» እያልኩ እየጮህኩ ቤታችን ገባሁ። ለካ እናቷ ለመስቀል ብለው፣ እንዲብላላ የቀበሩት ቆጮ ነው!

እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ሞቴን ስጠባበቅ ሰነበትኩ። አማረችም ሐዘንተኛ መስላ ጠዋት ጠዋት ትመጣና «ዛሬስ እንዴት አደርሽ?» ትለኛለች።

ዛሬ ክትፎው ሲጋመስ ልጅቷ ቆጮውን ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ ፈርዖን ልጨምርልሽ?»

አስጨመርኩ።

እናንተስ በልጅነታችሁ ማን ምን ብሎ ሸወዳችሁ? ጻፉ እንጂ፣ በእኔ ብቻ አይሳቅ!