የጋሽ ዝምታ ሠርቶ ማሳያ

ገበሬዎቹ «እመት ፍግ» ነው የሚሏት። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የግብርና ባለሙያ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሮጌ ሞተር ብስክሌቷን እያስነሳች፣ ፍግና ቅጠል ተብላልቶ እንዴት ኮምፖስት እንደሚሆን ስታስተምር ኖራለች። ታጥባና ለብሳ ሠርግ ቤት ስትገባ እንኳ «እመት ፍግ መጣች፣ አፍንጫችሁን ያዙ» የሚል ተረበኛ አይጠፋም። እሷ በዚህ አትቀየምም፤ የምትቀየመው ሰው ከሥልጠና ሲቀርባት ነው።

የመስክ ቀን ነበር። ሠላሳ አራት ገበሬዎች የጋሽ ዝምታን ማሳ ከበው ቆመዋል። ከሽማግሌው አፍ ቃል የሚወጣው በስንት ልመና ስለሆነ ነው ይህ ስም የወጣላቸው። ዘንድሮ ዩሪያ የሚባለውን የፋብሪካ ማዳበሪያ ሳይነኩ፣ በኮምፖስት ብቻ ሠርቶ ማሳያ ሊያለሙ ቃል የገቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። በቆሎው ታዲያ ሰው የሚውጥ ሆኗል። አለቃዋም ይህንኑ ሊያይ ከከተማ በመኪና መጥቷል፤ ገበሬዎቹ ካመኑ ለከርሞ ዩሪያ ላለመጠቀም የሚፈርሙበትን ቅጽ በአቃፊ ይዟል።

እመት ፍግ የማሳውን ምልክት ልትተክል ጎንበስ አለች። ዝናቡ ካቆመ ስምንት ቀን ሆኖታል፣ አፈሩ ደርቋል። ከአንዱ አገዳ ሥር ነጫጭ ፍሬዎች አየች። አንዷን አንስታ በጣቷ አሸቻት። ዩሪያ ነው። ከሚቀጥለው አገዳ ሥርም አለ፣ ከዚያ ከሚቀጥለውም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ማለት ይኼኔ ነው።

«ጋሼ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ መዳፏን እያሳየቻቸው። «ይሄ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው አዩና አንገታቸውን ደፉ። «ቢጫ ሆነብኝ ልጄ። በሰው ፊት እንዳትዋረጂ ብዬ ነው።»

ሊጎዷት ብለው ቢሆን ትጮህባቸው ነበር። ለእሷ ብሎ ያጠፋን ሰው ምን ብላ ትቆጣ?

አለቃዋ ከኋላዋ ደርሶ ሁሉንም ሰምቷል። «ጣይው» አላት ጥርሱን ነክሶ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ፕሮግራሙ የቆመው በዚህ ማሳ ነው፤ ያንቺም ሥራ።»

ፍሬዎቹን ጨበጠቻቸው። ልትጥላቸውም ነበር፤ ይህን አልሸሽግላትም። አሥራ አንድ ዓመት ስትለፋ እንዲህ ያማረ ማሳ ለሰው አሳይታ አታውቅም።

ባሏ የሞተባት የአምስት ልጆች እናት ከመሃል እጇን አወጣች። «እመት ፍግ፣ እኔ ያለችኝ መሬት አንዲት ናት። ይሄን ካየሁ ወዲያ ዩሪያውን እርግፍ አድርጌ ልተወው? ቁርጡን ንገሪኝ፤ የልጆቼ ጉሮሮ ነው።»

አለቃዋ ቅጹን ከአቃፊው አወጣ።

«አትተዪው» አለች እመት ፍግ። መዳፏን ዘርግታ ፍሬዎቹን ለሁሉም አሳየች። «ይሄ ማሳ ዩሪያ በልቷል። ያደረግነውም እኛ ነን።»

አንዱ ሳቀ፣ ሌላው «ድሮስ!» አለ። አለቃዋ ፊቱ ደም መስሎ ቅጹን መልሶ ከተተና ወደ መኪናው ሄደ፤ በሩን ሲዘጋው ማሳው ድረስ ተሰማ። ገበሬዎቹም አንድ ሁለት እያሉ መበተን ጀመሩ።

«እሷ አታውቅም» አሉ ጋሽ ዝምታ። ድምፃቸውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ዞረ። «እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ ጠዋት፣ ሰው ሳያየኝ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ግን ልጄ፣ በቆሎው ቢጫ ሲሆን እኔ ያበላሸሁት መስሎኝ እህል አልበላ ብሎኝ ሰነበተ። ኮምፖስት የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንደሚሰንፍ ታውቂ ነበር?»

ታውቅ ነበር። ኮምፖስት ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው፤ መሬቱ እስኪያገግም ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ እስከዚያው ምርት ይቀንሳል። የማሠልጠኛ መጽሐፏ ላይ አለ። በየሥልጠናው እዚያ ገጽ ስትደርስ ቶሎ ብላ ገልጣ ታልፈዋለች።

«አውቅ ነበር» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «ይህን የሚለውን ገጽ እየዘለልኩ ነው ያስተማርኳችሁ። ብነግራችሁ ማን ይመጣልኛል ብዬ ነው።»

እኚህን ደግ ሽማግሌ ለውሸት የዳረገቻቸው ራሷ መሆኗ ገባት።

የልጆቹ እናት ቀሚሷን ሰብስባ የማሳው ድንበር ላይ ተቀመጠች። «በይ የዘለልሽውን ገጽ አምጪው» አለቻት። «እኔ የመሬቴን ጥግ ብቻ ልሞክርበት፣ ሌላውን እንደለመድኩት ልዝራ። ግን ስንት እንደሚጎድልብኝ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

እመት ፍግ ቦርሳዋን ከፈተች። ከሠላሳ አራቱ አሥራ ዘጠኙ ሄደዋል። ለቀሩት ከጉድለቱ ጀምራ አስረዳቻቸው። ጋሽ ዝምታ ከሁሉም ፊት ተቀምጠው ነበር።